በጀርመን የረጅም ርቀት ባቡር ወንበር ማስያዝ ግድ ነው? ከተያዘስ የትኛውን?

የፒያሳዋ

ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። እናቴና አክስቴ በሚመጣው ወር ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ፍራንክፈርት የሚያርፉት ማለዳ ነው፤ ዕለቱ ዓርብ። ተቀብያቸው ሐምቡርግ ድረስ ኢሴኤ በሚባለው ፈጣን ባቡር ነው የምንሄደው። ትኬት ልቆርጥ ስገባ አፑ ወንበር ለማስያዝ በሰው 5.50 ዩሮ ይጠይቃል። ለሦስት ሰው 16.50 መሆኑ ነው።

ባለቤቴ «ትኬት ከፍለሽ ደግሞ ለመቀመጫ ትከፍያለሽ? ሁልጊዜ ባዶ ቦታ አለ» ይለኛል። እሱ የሚጓዘው ለሥራ ማክሰኞ ማክሰኞ ቀትር ላይ ስለሆነ ይመስለኛል እንደዚያ የሚለው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ሻንጣውን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ሁለት፣ እስከ አፉ የሞላ። ልያዝ ወይስ ልተወው? ከያዝኩስ የትኛው ወንበር ይሻላል? ስዕሉን ከፍቼ ሳየው ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ።

ባለአንድ ቦርሳ

ባለቤትሽ ጨርሶ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። እኔ ካሰል ነው የምማረው፤ ወደ ፍራንክፈርትም ወደ ሐኖቨርም ስመላለስ ከፍዬ ወንበር ይዤ አላውቅም። ቆሜም አልሄድም።

ዘዴው ወንበሩ ጋ ያለችውን ትንሽ ማሳያ ማንበብ ነው። «ፍራንክፈርት – ጎቲንገን» የሚል ካየሽ ወንበሩ የተያዘው በእነዚያ ሁለት ከተሞች መካከል ብቻ ነው፤ ከጎቲንገን በኋላ የማንም አይደለም። ሰዉ ግን የከተማ ስም ገና ሲያይ ዘሎት ያልፋል። «ጌጌኤፍ ፍራይጌበን» የሚል ከሆነ አሁን ባዶ ነው፣ ነገር ግን መንገድ ላይ ሰው በስልኩ ሊይዘው ስለሚችል ባለቤቱ ሲመጣ መነሳት ነው። ምንም ካልተጻፈበት ዘና ብሎ መቀመጥ።

የባንቦኑስ ምልክት ያለባቸው ወንበሮችም አሉ። ብዙ ተጉዘው የደረጃ ካርድ ላገኙ ደንበኞች የተተዉ ናቸው፤ ካርድ ያለው ሰው መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ ግን ማንም ቢቀመጥባቸው ችግር የለም። ሰው ስለሚፈራቸው ብዙ ጊዜ ባዷቸውን ይሄዳሉ።

በመጨረሻም የ15 ደቂቃዋ ነገር አለች። ወንበር ያስያዘ ሰው፣ ባቡሩ እሱ ከሚሳፈርበት ጣቢያ ተነስቶ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተቀመጠ መብቱ ይወድቃል። ሰዓት እያዩ ጠጋ ማለት ነው።

ጋሽ ፉርጎ

ባለአንድ ቦርሳ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ስምህ ራሱ መልሱን ይዟል። አንተ ከፉርጎ ፉርጎ እየዘለልክ ማሳያ ታነባለህ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አራት ሻንጣ አስከትለው፣ በመተላለፊያው መሐል ቆመው «ጎቲንገን» የሚል ጽሑፍ ሊፈልጉ ነው? ዓርብ ቀን? ተው እንጂ።

የፒያሳዋ ልጄ፣ መጀመሪያ ሕጉን ልንገርሽ። ጀርመን ውስጥ በኢሴኤና ኢሴ በሚባለው ሌላው የረጅም ርቀት ባቡር ትኬት የሚሰጥሽ የመጓዝ መብት ነው፤ የመቀመጥ መብት አይደለም። ወንበር ማስያዝ በፈቃድ ነው። ትኬት የሚሸጠው በወንበር ቁጥር ልክ ስላልሆነ ዓርብ ከሰዓት በኋላና እሑድ ማታ ሰው በሩ ጋ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ከመጠን በላይ ሲሞላ ወንበር ያላስያዘ ሰው እንዲወርድ በድምፅ ማጉያ የሚለመንበትም ጊዜ አለ። አሥራ ሁለት ፉርጎ ያለው ኢሴኤ 4 የሚባለው ባቡር 830 መቀመጫ አለው፤ ቢሆንም በዓል ዋዜማ ላይ አይበቃም።

ስለዚህ ለአንቺ ጉዳይ መልሱ፦ ያዢ። ግን አሁን አትያዢ።

የፒያሳዋ

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። «አሁን አትያዢ» ያሉት ግን አልገባኝም። ቀድሞ የያዘ የተሻለ ወንበር አያገኝም እንዴ?

ጋሽ ፉርጎ

ያገኛል። ችግሩ አውሮፕላኑ ነው። ወንበሩ የሚያዘው ለአንድ ባቡር፣ ለአንድ ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ቢዘገይ፣ ወይም ፓስፖርት ቁጥጥሩ ላይ ሰልፉ ቢረዝም፣ ወይም አንዱ ሻንጣ ቀበቶው ላይ አልወጣ ቢል፣ ባቡሩ ይሄዳል፤ ወንበሩም አብሮት። አውሮፕላን ዘግይቶብኝ ነው ብትዪ የባቡር ድርጅቱ ጉዳይ አይደለም፤ ገንዘቡ አይመለስልሽም።

ትኬቱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሽፓርፕራይስ የሚባለው ርካሹ ትኬት ለዚያች ባቡር ብቻ የታሰረ ነው። ዙፐር ሽፓርፕራይሱ ጭራሽ አይሰረዝም። አውሮፕላን ለሚቀበል ሰው ወይ ከአንድ ባቡር ጋር ያልታሰረውን ፍሌክስፕራይስ መቁረጥ፣ ወይ ደግሞ በማረፊያውና በባቡሩ መካከል ሰፋ ያለ ሰዓት መተው ነው የሚያዋጣው።

አፑ ላይ ከትኬት ተለይቶ ወንበር ብቻ የሚሸጥበት ክፍል አለ፤ «ኑር ዚትስፕላትስ» ይላል። ፍሌክስፕራይስ ቆርጠሽ ጠብቂያቸው። ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ ከኤርፖርቱ ሬጊዮናልባንሆፍ (የክልል ባቡር ጣቢያው) በከተማ ባቡሩ በኤስ8 ወይም ኤስ9 ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ዋናው ጣቢያ ትደርሳላችሁ። ያኔ፣ ዓይንሽ እያየ፣ የምትይዢውን ባቡር መርጠሽ ሦስቱን ወንበር በስልክሽ ያዢ። ባቡሩ ሊነሳ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይሸጣል። ጠዋት ስለሆነ ጎን ለጎን ቦታ አታጪም፤ ዓርብ የሚጨናነቀው ከቀትር በኋላ ነው።

የአውሮፕላን ትኬታቸው ሬይል ኤንድ ፍላይ ያለበት ከሆነም ያው ነው። የባቡር ጉዞውን ይሸፍናል እንጂ ወንበር የለበትም፤ ለብቻ ይያዛል።

የመንትዮች እናት

እናንተ ስለ 16.50 ትነጋገራላችሁ፤ እኛ ልጆች ያሉን ምን እንበል። በፈረንጆቹ እስከ 2025 ጁን አጋማሽ ድረስ የቤተሰብ ማስያዣ የሚባል ነበር። በሁለተኛ ማዕረግ 10.40 ዩሮ ተከፍሎ እስከ አምስት ሰው ይቀመጥ ነበር። የባቡር ድርጅቱ ዶይቸ ባን ከጁን 15 ቀን 2025 ጀምሮ አነሳው። አሁን እያንዳንዱ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው 5.50 ነው። በዚያው ቀን ዋጋውም ከ5.20 ወደ 5.50 ከፍ አለ።

እናትና አባት ከሁለት ልጅ ጋር 22 ዩሮ፤ ደርሶ መልስ 44። በፊት 20.80 ነበር። ልጆቹ ትኬት አይከፍሉም፣ ወንበር ግን ይከፍላሉ። ይሄ ምን የሚሉት ስሌት ነው? ባንካርድ የሚባለው የቅናሽ ካርድ እንኳ ቢኖርሽ ማስያዣው ላይ ቅናሽ የለም።

ባለአንድ ቦርሳ

ልጅ ጭን ላይ ይዞ መሄድ አይቻልም?

የመንትዮች እናት

ወንድሜ፣ መንታ የአምስት ዓመት ልጆች ጭንህ ላይ አድርገህ ከሙኒክ በርሊን ሄደህ ንገረኝ። አራት ሰዓት ነው።

ይቻላል፤ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ትኬትም አያስፈልገውም፣ ወንበርም እንድትይዝለት አያስገድዱህም። ስትፈልግ ግን ትከፍላለህ። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፦ ልጆቹ ሲተኙ ጭን፣ ሲነቁ መተላለፊያ በሚል ሂሳብ አልሄድም። ክላይንኪንድአብታይል የሚባለውን የሕፃናት ክፍል ነው የምይዘው። በር ያለው ክፍል ነው፤ የሕፃን ጋሪ የሚቆምበት ቦታ አለው፣ ሌላው ተሳፋሪም ወላጅ ስለሆነ ልጅ ሲያለቅስ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። በየባቡሩ ያለው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ለሕፃናት ክፍል ከሆነ ጋሽ ፉርጎ እንዳሉት መቆየት አያዋጣም፣ በጊዜ ነው መያዝ። ካለቀ የቤተሰብ አካባቢ የሚባለውን ክፍት ቦታ እፈልጋለሁ፤ እዚያ ቢያንስ የሚገላምጥ ሰው ያንሳል።

ዝምታ ፈላጊ

እባካችሁ አንድ ነገር ልለምን። ወላጆቻችሁን ሩሄበራይሽ በሚባለው የጸጥታ ክፍል ውስጥ አታስቀምጧቸው። አፑ ወንበር ሲመርጥላችሁ አንዳንዴ እዚያ ይጥላችኋል፤ ሰውም ሳያይ «እሺ» ብሎ ያልፋል። መስታወቱ ላይ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገ የሰው ፊት ከተሳለ እዚያ ናችሁ።

እኔ በሥራ ምክንያት ብዙ እጓዛለሁ፤ የምይዘው ጸጥታ ያለበትን ክፍል ነው። ባለፈው ሁለት የእኛ እናቶች መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ገና ሳይደላደሉ አንደኛዋ በቪዲዮ ደወሉ። ስልኩ በሙሉ ድምፅ። «ደረሳችሁ?» «የለም ገና ባቡር ውስጥ ነን፤ እይው እስቲ መስኮቱን!» አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ በሙሉ ተራ በተራ ሰላምታ ሰጠ። ጎረቤቱም ገባ። አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እኔን አዩኝ፣ እንደ አስተርጓሚ። ምን ልበል? «እትዬ፣ እዚህ ድምፅ አይፈቀድም» ብል ከጨዋ ልጅ አይጠበቅም፤ ብተወውም ሽማግሌው አሉ። በመጨረሻ ዳቦ ቆሎ አውጥተው ለሽማግሌውም ዘረጉላቸው፤ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ለቪዲዮው እጃቸውን አውለበለቡ እንጂ ምንም አላሉም።

ለሁሉም እንደዚያ አይሆንም ግን። ወንበር ስትመርጡ ክፍት አዳራሽ የሚለውን፣ ጸጥታ ያልተጻፈበትን ምረጡ።

የፒያሳዋ

ሞቼ ነው የሳቅኩት 😂 አክስቴን ገና ሳታርፍ አወቅኳት። እሺ፣ ጸጥታ ቀርቷል። ወንበሩስ? ጠረጴዛ ያለው? መስኮት ዳር? ሻንጣው የት ይሄዳል?

ድሬ በኑረምበርግ

የሻንጣው ነገር ከመስኮቱ ይቀድማል። ከወንበር በላይ ያለው መደርደሪያ ለእጅ ቦርሳ እንጂ 23 ኪሎ ለተጫነ ሻንጣ አይደለም፤ ማንም ሰው ጭንቅላቱ ላይ ያን አንጠልጥሎ አይቀመጥም። ትልቅ የሻንጣ መደርደሪያ በየፉርጎው በር አካባቢ፣ በአንዳንዱም መሐል ላይ አለ። በስዕሉ ላይ የሻንጣ ምልክት ታያለሽ። ከዚያ ምልክት ሁለት ሦስት ረድፍ ራቅ ያለ፣ ግን መደርደሪያው የሚታይበት ወንበር ያዢ። በጣም ሲጠጋ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሰውና ብርድ ይገባል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቦታ አለ። ወንበሮቹ ጀርባ ለጀርባ በሚገናኙበት ቦታ ከሥር ሦስት ማዕዘን ክፍተት አለ። አንድ ትልቅ ሻንጣ ቁልጭ ብሎ ይገባበታል። በርበሬና ሽሮ የጫነውን እዚያ ክተቺው፤ ቢያንስ ከዓይንሽ አይርቅም።

ለሦስት ሰው ጠረጴዛ ያለው የአራት ሰው ቦታ ጥሩ ነው፤ እንደ መሶብ ከበባችሁት ማለት ነው። አራተኛው ሰው ግን ባዕድ ሊሆን ይችላል፤ እግር መዘርጋትም ከእሱ ጋር በድርድር ነው። እናትሽ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የመተላለፊያ ዳር ብትሰጫቸው ይሻላል፦ ይነሳሉ፣ እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ መጸዳጃ ሲሄዱ ሰው አያስነሱም። አክስትሽ ቪዲዮ ስለሚደውሉ መስኮቱን ስጫቸው።

ስለ መስኮት ስናወራ፦ «መስኮት ዳር» ተብሎ የተሸጠልሽ ወንበር መስኮት ላይኖረው ይችላል። የመስኮቶቹ ርቀትና የወንበሮቹ ርቀት ስለማይገጥም በየፉርጎው ግድግዳ ብቻ የሚያሳይ ወንበር አይጠፋም። ጠረጴዛ ያለበት ቦታ ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ለዚህም ነው እኔ እሱን የምመርጠው።

ከማይን ማዶ

ወደ ፊት የሚያይ ወንበር መምረጥ ይቻላል? እኔ ወደ ኋላ ስሄድ ያጥወለውለኛል፤ በተለይ ከፍራንክፈርት ኮሎኝ። ያ መስመር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ዋሻ ነው፣ ደግሞ ዳገት ቁልቁለት ነው።

ጋሽ ፉርጎ

በእርግጠኝነት አይቻልም። ስዕሉ ወንበሮቹ ወዴት እንደዞሩ ያሳይሻል፣ ባቡሩ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይምልልሽም። አንደኛ፣ ባቡሩ ፉርጎዎቹ ተገልብጠው ሊመጣ ይችላል፤ «በተገለበጠ የፉርጎ ቅደም ተከተል» ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፍራንክፈርትና ሽቱትጋርት ዋና ጣቢያዎች ሐዲዱ የሚያበቃባቸው ናቸው። ባቡሩ ገብቶ በመጣበት አቅጣጫ ይወጣል። ከሽቱትጋርት ወደ ፊት እያየ የመጣ ሰው ከፍራንክፈርት በኋላ ወደ ኋላ እያየ ይሄዳል። ፍራንክፈርት ላይ ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ነገር አለ፤ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ነባሩ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እርስ በርሱ ይተያያል፣ ወደ ኋላ የምንመለስ መስሎት።

የሚያጥወለውለው ሰው ጠረጴዛ ያለበትን ቦታ ይያዝ። ሁለቱም አቅጣጫ እዚያው አለ፤ ፊት ለፊት ያለውን ሰው በትሕትና መለመን ነው። እስከ ዛሬ እምቢ ያለኝ የለም።

የፒያሳዋ፣ መድረኩ ላይ ስትቆሙም ነገር አለ። መድረኩ ኤ፣ ቤ፣ ሴ እያለ ይከፋፈላል፤ ፉርጎሽ የሚቆምበትን ፊደል አፑም ሰሌዳውም ይነግርሻል። ከዚያ ፊደል አጠገብ ጠብቁ፣ ግን ባቡሩ እስኪገባ ሰሌዳውን ደጋግመሽ እዪ። ሲቀየር በመጨረሻው ደቂቃ ነው የሚቀየረው። ከእናቶች ጋር ሆኖ አራት መቶ ሜትር ከሚጠጋ ባቡር ጫፍ እስከ ጫፍ መሮጥ አይቻልም። ከተቀየረ ቅርብ ባለው በር ግቡ፤ አንቺ ብቻሽን ወንበሩን አይተሽ ነይ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ በውስጥ ሂዱ። ሲገቡ ደረጃ ስላለው ሻንጣውን መጀመሪያ አታስገቢ፤ መጀመሪያ እናትሽ ይግቡ፣ ሻንጣውን ጀርመኑ ያቀብልሻል።

ሐም ላይ የወረደው

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነገር ልጨምር፤ ወንበር ያላስያዘ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ሁለት ተገጣጥመው የሚሄዱ ባቡሮች አሉ። ከበርሊን ወደ ምዕራብ ሲኬድ ሐም የምትባል ከተማ ላይ ይለያያሉ፦ አንዱ በዶርትሙንድና በኤሰን አድርጎ ወደ ዱስልዶርፍ፣ ሌላው በሐገንና በቩፐርታል አድርጎ ወደ ኮሎኝ። ውጭ ያለው ሰሌዳ የሁለቱንም ስም ይጽፋል። በውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም። ወንበር የያዘ ሰው የፉርጎ ቁጥሩ ራሱ ወደ ትክክለኛው ግማሽ ይወስደዋል፤ ያልያዘው ባዶ ወንበር ባየበት ይገባል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሲነቃ ዱስልዶርፍ። ስለዚህ ባለአንድ ቦርሳ፣ ማሳያ ከማንበብህ በፊት በሩ ላይ የተጻፈውን መድረሻ አንብብ።

ባለአንድ ቦርሳ

ተቀብያለሁ 🙏

አቶ ሥርዓት

ይሄ ሁሉ ዘዴና ብልሃት የሚመጣው ሥርዓቱ ስለተዝረከረከ ነው። ፈረንሳይ በቴዤቬ፣ ስፔን በአቬ ስትሄድ ትኬት ማለት ወንበር ማለት ነው። ቁጥርህ ተጽፏል፤ ገብተህ ትቀመጣለህ። ማንም መሬት ላይ አይቀመጥም። ጀርመን ለምን ይሄን አታደርግም? ግዴታ አድርገው ዋጋውን ትኬቱ ውስጥ ቢጨምሩት ግልግል ነበር።

ድሬ በኑረምበርግ

ግልግል አይደለም። በፈረንሳይ ባቡር ካመለጠህ የሚቀጥለው ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ትኬትም ወንበርም የለህም። እዚህ ፍሌክስፕራይስ ያለው ሰው ስብሰባው ቢረዝም በሚቀጥለው ባቡር ይሄዳል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ አለ። የጀርመን መስመር የተሠራው ከባቡር ወደ ባቡር በመቀየር ላይ ነው፤ እንደ ፓሪስ ከአንድ ማዕከል የሚፈልቅ አይደለም። አሁን አስበው፦ በፈረንጆቹ 2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቹ በሰዓቱ የደረሰው 62.5 በመቶ ነው፤ እሱም እስከ ስድስት ደቂቃ ያለው መዘግየት ሳይቆጠር። በዚህ ላይ ወንበር ግዴታ ቢሆን ሐኖቨር ላይ ተከታዩ ባቡር ያመለጠው ሁሉ የት ይገባል? መሬት ላይ መቀመጥ መጥፎ ነው፤ ጣቢያ ላይ መቅረት ይብሳል።

አቶ ሥርዓት

ሰዓት የማያከብር ባቡር አለና ሥርዓት አይኑር ነው የምትለው?

ድሬ በኑረምበርግ

መጀመሪያ ሰዓቱ ይስተካከል፣ ከዚያ ስለ ግዴታ እናውራ ነው የምለው። በነገራችን ላይ ብስክሌት ይዞ ለሚገባ ሰው በኢሴኤም በኢሴም ዛሬም ግዴታ ነው፤ ያለ ማስያዣ አይገባም። ወደ ፓሪስና ከበርሊን ወደ ዋርሶ የሚሄዱትም እንዲሁ፤ ናይትጄት የሌሊት ባቡርም። አንተ የምትለው ሥርዓት ባለበት ቦታ አለ።

ወይዘሪት ገመቹ

ክርክሩን አቋርጬ ልግባና፤ ያስያዝኩት ወንበር ላይ ሰው ተቀምጦ ቢገኝስ? እኔ ይሄ ነገር ያሳቅቀኛል። በተለይ ማሳያው ካልበራ «የእኔ ነው» ማለት እንደ ልመና ይሆንብኛል።

ዝምታ ፈላጊ

አይሳቅሽ። ማሳያው ቢበራም ባይበራም ማስያዣው ይሠራል፤ ሁሉም ስልክሽ ላይ አለ። እኔ የማደርገው ክርክር ውስጥ አለመግባት ነው። ስልኩን እዘረጋለሁ፦ የፉርጎ ቁጥር፣ የወንበር ቁጥር። «ይህ ፉርጎ 7 ነው፣ አይደል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ሰውዬው ራሱ ስልኩን አውጥቶ ያያል፤ ትክክለኛው ወንበር ላይ ግን የተሳሳተ ፉርጎ ውስጥ ነው ያለው። ራሱ ያፍርና ላፕቶፑን ይሰበስባል፣ የቡና ኩባያውን በጥርሱ ነክሶ፣ የቻርጀሩን ገመድ ከወንበሩ ሥር እየጎተተ ይሄዳል። ከንግግር ይልቅ ቁጥር ይሻላል። እምቢ ካለ ተቆጣጣሪ ጥሪ፤ አንቺ አትጨቃጨቂ።

«የእኔ ነው» ማለት ልመና አይደለም፣ ከፍለሽበታል። ብቻ ከተሳፈርሽ በ15 ደቂቃ ውስጥ እዚያ ድረሺ፤ መጀመሪያ ቡና ልግዛ ብለሽ ቢስትሮ ሄደሽ ከቆየሽ ሰውዬው እውነት አለው።

ሐም ላይ የወረደው

ለወይዘሪት ገመቹ አንድ ልጨምር። ባቡሩ በሌላ ዓይነት ባቡር ተተክቶ ፉርጎሽ ጭራሽ ከሌለ፣ ወይም ተሰርዞ ከሆነ፣ ባዶ ባየሽበት ተቀመጪ፤ የማስያዣው ገንዘብ ይመለሳል፣ መጠየቅ ግን አለብሽ። ባቡሩ አንድ ሰዓት ከዘገየ ከትኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ ሁለት ሰዓት ከዘገየ 50 በመቶ ነው፤ አብረሽ በአንድ ማመልከቻ በአፑ ላኪው። መድረሻሽ ላይ ቢያንስ 20 ደቂቃ ትዘገያለሽ ተብሎ ከታወቀ ደግሞ ሽፓርፕራይስሽ ከባቡሩ ይፈታል፤ በሌላ መሄድ ትችያለሽ። ወንበሩ ግን አብሮሽ አይሻገርም።

የፒያሳዋ

በጣም ነው የማመሰግነው። ባለቤቴን ጠርቼ አስነበብኩት፤ «ጋሽ ፉርጎን አግኝተሽ አረፍሽ» ብሎ ሄደ። ፍሌክስፕራይሱን ቆርጬያለሁ፣ ወንበሩን በዕለቱ እይዛለሁ፣ ጠረጴዛ ያለውን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ እናቴ ወንዝና ግንብ ማየት ትወዳለች። ሲመለሱ ኮሎኝ ያለች የአጎቴን ልጅ ጠይቀን ነው ወደ ፍራንክፈርት የምንወርደው። የራይንን ወንዝ የሚያሳይ ባቡር አለ ይባላል?

ጋሽ ፉርጎ

አለ፣ ግን ፈጣኑ አይደለም። ፈጣኑ በፈረንጆቹ 2002 በተከፈተው አዲስ መስመር ነው የሚሄደው፤ በእሱ የምታዪው የአውራ ጎዳና አጥርና ዋሻ ነው። ስትቆርጪ በኮብሌንዝና በማይንስ የሚያልፈውን ምረጪ፤ ኢሴ ወይም ኤሴ (ወደ ጎረቤት አገሮችም የሚሻገረው) የሚባሉት፣ አንዳንድ ኢሴኤም በዚያ ይሄዳል። ሰዓት ይጨምርብሻል፣ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

ሐዲዱ ከወንዙ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ከኮሎኝ ወደ ማይንስ ስትወርዱ ወንዙ በግራ ነው፤ ወደ ሰሜን ስትወጡ በቀኝ። እናትሽን በግራ መስኮት አስቀምጫቸው። ከኮብሌንዝ አለፍ ብላችሁ ሎሬላይ የሚባለው ገደል ከማዶ ይታያል፤ ትንሽ ቆይቶ ካውብ አጠገብ ወንዙ መሐል ላይ የቆመ ነጭ ግንብ አለ፣ ፕፋልስግራፈንሽታይን ይሉታል። በዱሮ ጊዜ ከጀልባ ቀረጥ የሚሰበሰብበት ነበር። ቶሎ ያልፋልና ስልኩን አስቀድመሽ አውጪ።

ከማይን ማዶ

እዚያ መስመር ላይ ወንበር መያዝ ያስፈልጋል?

ጋሽ ፉርጎ

በሥራ ቀን ቀትር ላይ ከሆነ አያስፈልግም፤ ባለቤቷ የሚለው እዚያ ይሠራል። በበጋ ቅዳሜ ከሆነ ግን ቱሪስቱ ሁሉ የወንዙን ወገን ነው የሚይዘው፤ በባዶ የሚቀረው የተራራው ወገን ነው። 5.50ውን ለእናት መስኮት ክፈይ።

የመንትዮች እናት

ጋሼ፣ የዶይችላንድ ትኬት የሚባለው የወር ትኬት ያለው ሰውስ በዚያ በኩል መሄድ ይችላል?

ጋሽ ፉርጎ

በኢሴ፣ በኤሴና በኢሴኤ አይችልም፤ እነሱ ላይ አይሠራም። በዚያው ሐዲድ የሚሄዱ የክልል ባቡሮች ግን አሉ፤ እነሱ ላይ ይሠራል። እነሱ ላይ ወንበር ማስያዝ የሚባል ነገር የለም፣ ቀድሞ የገባ ይቀመጣል። ከልጆቹ ጋር ከሆንሽ ከመነሻው ጣቢያ ተሳፈሪ።